ጂን ዝም የምታሰኘው ሐዋ

እኔ ፊደል የሚባል አልቆጠርኩም። እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ሐዋ ትጽፋለች። ስለዚህ ስታነቡት ደስ ያላችሁ ነገር ካለ የኔ ነው፤ ግራ የገባችሁ ነገር ካለ የሷ ነው። አሁን ይሄን ስል ፊቷን አጨማደደችብኝ። ጻፊ ብያለሁ፣ መጨማደድሽንም ጻፊ።

ስሜ ዘይነብ ነው። ዕድሜዬን የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መጀመሪያ የራሱን ይንገረኝ። የምንኖረው ኸሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ውሃው ዳር ነው። ልጄ ይማም እዚያ በውሃ ሞተር ሽንኩርት ያለማል። ያኔ፣ ይሄ የምነግራችሁ ነገር ሲገጥመኝ፣ የኔ ሥራ ሁለት ነበር፤ ዶሮ ኸሽንኩርቱ ማባረርና ሰው ማብሸቅ። ይማም ቁም ነገረኛ ነው። ሳውዲ ሠርቶ ሲመለስ ሳቁን እዚያው ረስቶት የመጣ ይመስለኛል። ሚስቱ እስካሁን እዚያው ናት። ሐዋን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ምላሷ ስለምን ረጅም ሆነ ብላችሁ እንዳትጠይቁ።

ሐዋ አዲስ አበባ ተምራ ተመረቀች። ኸዚያ አስተማሪዋ ጎበዝ ነሽ ብሎ ለሁለተኛው ትምህርት አስቀራት። ለአረፋ መጣችልን። ሰኞ እዚያ መገኘት ነበረባት፤ ካልተገኘች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

አርብ ነው። ኸጁምዓ መልስ ጎረቤቱ እኛ ቤት ተሰብስቦ ይበላል። ሸህ ሙሄ አሉ፤ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሽ ተፈራ አሉ፤ ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ ሠርግ ላይ ክራር የሚመቱ፣ ኸእኔ ጋር ካልተሰዳደቡ የበሉት የማይረጋላቸው። ፋጤ የምትባል ጎረቤቴም አለች፤ ለወሬ ኸሬዲዮ የምትቀድም።

ሸህ ሙሄ "ሐዋ፣ የሚማሩት ነገር ብዙ ነው አሉ፤ ያንቺ ምንድን ነው?" አሏት።

ልጅት እጅ እያስታጠበች ነበር። ቀና አለችና "ጂን ነው አባባ ሸህ" አለች። "ጂን ዝም የሚያሰኙ ኤንዛይሞችን ነው የማጠናው፣ ስለ እርጅና።"

የጎረስነው አፋችን ውስጥ ቀረ። አንዱ በሹክሹክታ ቢስሚላህ አለ።

ፋጤ ናት የደፈረች። "ታይዋለሽ?"

"አዎ፣ በማይክሮስኮፕ። ቀለም ስናደርግበት ደግሞ ያበራል።"

"ያበራል!" አለች ፋጤ፣ ጭኗን በጥፊ እየመታች።

እኛ አገር ጅን ኸእሳት እንደተፈጠረ ሕፃን ያውቃል። ሐዋ የምትለው ሌላ ነገር እንደሆነ በምን እንወቅ? ቃሉ እንደሁ አንድ ነው፤ ጂን አልሽው ጅን አልሽው፣ ለኛ ጆሮ ያው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔማ ኮራሁ። የአገሩ ሰው ጅን ፈርቶ በቀትር ውሃ ዳር አይሄድም፣ የኔ ልጅ ደግሞ ቀለም ቀብታ ዝም ታሰኘዋለች! ዙሪያውን አየሁ፣ ሰምታችኋል ወይ ብዬ። ይማም ግን የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

አስር ሳይሰገድ ፋጤ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣች፤ ልጇ ሌሊት ትቃዣለች፣ ሐዋ ቁርአን ትቅራበት ብላ። ኸሷ ኋላ አንድ ገበሬ የምትራገጥ ላም እየጎተተ መጣ።

"እምዬ" አለችኝ ሐዋ በመስኮት እያየች፣ "ይሄ ሰውዬ ላም ለምን አመጣልኝ?"

"ጅኗን ዝም አሰኚለት። ወተቱን ለኔ።"

መጀመሪያ አፏን ከፈተች፤ ኸዚያ ገባትና በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። እኔም ምን እንዳሳቃት ሳይገባኝ አብሬ ሳቅኩ። በዚህ መሀል ይማም በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሻንጣሽን ፍቺ" አላት። "ሰኞ አትሄጂም። ኸእንግዲህ ወዲያም አትሄጂም።"

"አባዬ፣ እነሱ እኮ ቃሉን ነው የሳቱት፣ ጅን አይደለም…"

"በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ይሄ ቤት ጅን ምን እንዳደረገው አታውቂም።"

አታውቅም፣ እውነት ነው። ያላወቀችው እኛ ስላልነገርናት ነው። ለናንተ ልንገራችሁ። ኸይማም በፊት ሴት ልጅ ወልጄ ነበር። እንደ ሸንበቆ ቀጥ ያለች፣ ፀጉሯ ወገቧ ላይ የሚወርድ። ጡት አጎጥጉጣ ጥቂት እንደቆየች እድገቷ ቆመ። ሃያ ዓመት ሳይሞላት ሸበተች። ኸዚያ ዓይኗን ሞራ ጋረደው፣ ቆዳዋ እንደ ደረቀ ከበሮ ተወጠረ። ገበያ አብረን ስንሄድ ሰው እሷን እናት፣ እኔን ልጅ ያደርገን ነበር። ያን ጊዜ እንደ ዛሬው ብዙ አልቀለድኩም። ጅን ወጣትነቷን ጠጣው አሉን። እናቷ በቀትር ሐይቁ ዳር አጥባት ነው፣ ኸዚያ ተከትሏት ገባ አሉ። ኸአንዱ አዋቂ ወደ አንዱ አዞርናት፤ በጭስ ሲያፍኗት፣ ውሃ ሲደፉባት፣ ይማም ገና ትንሽ ልጅ ሆኖ ቀሚሷን ይዞ ይከተል ነበር። ሞተች። ኸዚያ ወዲህ ስሟ በቤታችን አልተጠራም። ይማም ሐዋን ሻንጣሽን ፍቺ ያላት ኸክፋት አልነበረም።

ሐዋ ግን ይሄን አታውቅ፣ ኩርሲ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። "ሴሎቼ አሉ እምዬ፣ ሰው የለም የሚያበላቸው፣ ይሞቱብኛል" ትላለች። ሴል ምን እንደሆነ አላውቅም፤ የሚበላ ነገር መሆኑ ብቻ አሳዘነኝ።

ተነሳሁና ይማምን "ስማ" አልኩት። "ልጅትን ያለ ዳኛ አትፈርድባትም። ነገ ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ትናገር። ሽማግሌ አይሆንም ካለ እኔው ሻንጣዋን እፈታለሁ።" እሺ አለ። እናቱን እምቢ ማለት አይወድም፤ በኋላ ምሳ ላይ እንደማበሽቀው ያውቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ሸህ ሙሄና ጋሽ ተፈራ መጡ። ይማም ጥግ ተቀመጠ። እኔን ሴት ነሽ ውጪ ያለኝ የለም፣ ቢልም አልወጣም።

ሸህ ሙሄ ጀመሩ። "አብሽሪ ልጄ፣ አትፍሪ። ይሄ ጅን የምትይው የት ነው የሚኖር?"

"አባባ ሸህ፣ ጅን ሳይሆን ጂን ነው። በሁላችንም ሰውነት ውስጥ አለ።"

"በሁላችንም?" አሉ፣ ቁጭ ብድግ አሉ።

"አዎ። ኸእናትና ኸአባታችን ነው የምንወርሰው።"

ይማም ኸጥጉ "ኸእኔ?" አለ።

"ካንተም ነው አባዬ፣ አንተ ደግሞ ኸእምዬ።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ምን ላድርግ፣ ትከሻዬን አራገፍኩ። ጋሽ ተፈራ "እኔ ድሮም ጠርጥሬያለሁ" አሉ። እኔም "አንቱን የያዛችሁማ የወረሳችሁት አይደለም፣ በገዛ ገንዘባችሁ ነው የገዛችሁት" አልኳቸው። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሸህ ሙሄ ሳይቀሩ ሳቁ።

ሐዋ ግን አልሳቀችም። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና "በአማርኛ ዘረ መል ይሉታል" አለች። "ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝ የዘር ቃል ነው። ጂን ፈረንጅ ያወጣለት ስም ነው። ኸጅን ጋር ዘመድ አይደሉም።"

አሃ ብለን ተነፈስን። አለቀ ብዬ ልነሳ ስል ሸህ ሙሄ እጃቸውን አነሱ።

"ዘር ነው አልሽ። ታዲያ ዘርን ዝም የምታሰኙት ለምንድን ነው? መካን ልታደርጉን ነው?"

ሱብሃነላህ! ኸአንዱ ገደል ወጥተን ሌላው ውስጥ። ይማም አንገቱን ነቀነቀ። ሐዋ ልትመልስ ሞከረች፤ ፕሮቲን አለች፣ ኒውክለስ አለች፣ አንዱም ጆሮ ላይ አልተቀመጠም። ሻንጣዋ ሲፈታ ታየኝ።

ኸዚያ ፕሮቲኑን ተወችው። የጋሽ ተፈራን እጅ ታያለች። እሳቸው ሲሰለቻቸው ግራ እጃቸው አየር ላይ ክራር ይነካካል፣ ልማዳቸው ነው።

"ጋሽ ተፈራ" አለች፣ "አምባሰልን በግርፍ ሲመቱ ቀኝ እጅዎ ስንቱን ክር ነው የሚነካው?"

"ሁሉንም ነዋ። ግርፍ ማለት እሱ አይደል።"

"ግራዎስ?"

"ግራዬማ የማልፈልገውን ክር ይይዛል።"

"ይይዛል ማለት?"

"ዝም ያሰኘዋል!" አሉና የራሳቸው ቃል አስደነገጣቸው።

ሐዋ ተነስታ ቆመች። "ክራርዎን ያምጡልኝ።"

ሸህ ሙሄ "ሽምግልና ላይ ክራር?" አሉ፤ ኸዚያ ጢማቸውን እያሻሹ "ለትምህርት ኸሆነ…" አሉ። ጋሽ ተፈራ ቤታቸው አጥሩን ተሻግሮ ነው፣ እንደ ወጣት ዘለው አመጡት።

"ግራ እጅዎን ያንሱና ይምቱት" አለቻቸው። መቱት። ሁሉም ክር በአንድ ላይ ጮኸ፣ ዶሮዎቼ ደነገጡ። "አሁን አምባሰልን።" ግራ ጣቶቻቸው ክሩ ላይ ሰፈሩ፣ አንዱን እየለቀቁ አንዱን እየያዙ። ያ ጫጫታ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ተራራው ራሱ የሚያንጎራጉር ይመስል ዜማ ሆነ። "አሁን ባቲን።" ያው ክራር፣ ክሩን ትንሽ ቃኙት፣ ጣታቸው ሌላ ቦታ ያዘ፣ ሌላ ዜማ ሆነ።

"ይኸውላችሁ" አለች ሐዋ። "ሰውነታችን ኸዓይን በማይታዩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው፤ ሴል ይባላሉ። በያንዳንዱ ሴል ውስጥ ክራሩ ሙሉ ነው፣ የሰውነታችን ቃል ሁሉ አለበት። የዓይንም፣ የጥርስም፣ የጉበትም። ዓይን ዓይን የሚሆነው የጥርሱን ቃል ዝም የሚያሰኝለት ስላለ ነው። ቆዳም እንደዚሁ። እነዚያ ዝም የሚያሰኙት ጣቶች ናቸው ኤንዛይም የምላቸው። ዘር አያጠፉም። ክሩ አለ፣ አልተበጠሰም፤ ተይዟል ብቻ።"

ሸህ ሙሄ ወደ ፊት ተጠጉ። "እርጅናስ? ትናንት ስለ እርጅና ነው ብለሽ ነበር።"

"ጋሽ ተፈራ፣ ዘፈን መሀል ክር ሲላላብዎ ምን ያደርጋሉ?"

"በግራ እጄ መቃኛውን አጠብቃለሁ።"

"ያን ጊዜ ይዘውት የነበረው ክርስ?"

"ያመልጠኛል። ያላዘዝኩት ይጮኻል።"

"ኸእነዚያ ኤንዛይሞች አንዳንዶቹም እንደዚሁ ሁለት ሥራ አላቸው" አለች። "ዝም ያሰኛሉ፣ ሴሉ ውስጥ ስብራት ሲደርስ ደግሞ ለጥገና ይሮጣሉ። ፀሐይ ይሰብራል፣ ጭስ ይሰብራል፣ መኖር ራሱ ይሰብራል። ልጅ ሳለን ጠግነው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ዕድሜ ሲገፋ ስብራቱ ይበዛል፣ ሩጫው ይበዛል፣ ቦታው ይለቀቃል። ዝም ማለት የነበረበት መናገር ይጀምራል፤ ሴሉ ማን እንደነበረ ይረሳል። እርጅና በዚህ ብቻ ነው የሚመጣ አልልም፣ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው። አንዱ ግን ይሄ ነው። እኔ የማየው በእርሾ ላይ ነው፤ ያረጀች እርሾ እነዚህ ጠባቂዎቿ ቦታቸውን ይለቁና መዳቀል ያቅታታል።"

"እንግዲህ እኔን ነዋ የምታጠኚው!" አልኩ።

"አንቺ እርሾ ብትሆኚ ኖሮ ቤቱን ሁሉ አቡክተሽው ነበር" አሉ ጋሽ ተፈራ።

ኤንዛይም የሚለውን ቃል ምላሴ አልችልም ስላለ እኔ ዘይኔ ነው የምላቸው፣ በራሴ ስም። ሐዋ ስማቸው ላንቺ አይሆንም፣ አንቺ ራስሽ ዝም ብለሽ አታውቂም ትለኛለች።

ሸህ ሙሄ እጄን እዩ ብለው መዳፋቸውን ዘረጉና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። "አላህ ይሄን ሁሉ ሠራተኛ በውስጣችን ካኖረ" አሉ፣ "ሥራቸውን ማየት ምኑ ነውር ነው? እኔ በበኩሌ ትሂድ ብያለሁ።" ጋሽ ተፈራም ትሂድ አሉ።

ይማም ግን ኸጥጉ አልተነሳም። ሁላችንም እሱን እንጠብቃለን፤ አባት ነው፣ የመጨረሻው ቃል የሱ ነው። መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

"እኅት ነበረችኝ" አለ። "ርቅያ።"

ያን ስም ኸአፉ ኸሰማሁ… ይማም ራሱ ሪዝ ሳያወጣ ነበር። ለሐዋ ሁሉንም ነገራት፤ ሽበቱን፣ ዓይኗን፣ ጭሱን፣ ሰው በቀትር ሐይቁ ዳር ታጥባ ነው ያለውን። ኸዚያ ቀና ብሎ አያት።

"እሷን የበላት የትኛው ነው? ያንቺ ጂን ነው ወይስ ያኛው?"

ሐዋ ሄዳ እግሩ ሥር ተቀመጠች።

"አላውቅም አባዬ። ሐኪም ሳያያት ሞታለች፤ ይሄ ነው ብዬ ብነግርህ እዋሽሃለሁ። ግን ሰው በልጅነቱ የሚያረጅበት በሽታ አለ፣ ተምሬዋለሁ። እድገት ይቆማል፣ ፀጉር ይሸብታል፣ ዓይን ሞራ ይለብሳል፣ ቆዳ ይወጠራል፣ ድምፅ ይሰልላል…"

"ድምፅ?" አለ ይማም።

"አዎ፣ ይቀጥናል፣ ሻካራ ይሆናል።"

"ድምፅዋን ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ምን ሆነ?"

ይማም ወደኔ ዞረ፣ እኔም ወደሱ። ስለ ድምፅዋ ማናችንም አልተናገርንም ነበር። ኸመሞቷ በፊት የልጄ ድምፅ እንደ ሲምቢሮ ወፍ ቀጥኖ ነበር፤ ጅኑ ነው በሷ አንደበት የሚናገር ያሉን በሱ ነው። ሰው ሁሉ የሸሻት በሱ ነው።

"ኸየት ይመጣል በሽታው?" አልኩ እኔ። ቀልድ አጥቼ ስናገር የራሴን ድምፅ አላወቅኩትም።

"ሴል ውስጥ ስብራት ኸሚጠግኑት ሠራተኞች አንዱ ሲጎድል ነው እምዬ። ሲወለዱ ጀምሮ ሲጎድል። ስብራቱ ይከማቻል፣ ሰውነት ይቸኩላል። ይሄ በሽታ ኸነበረ ማንም አላመጣባትም። ሐይቁም አይደለም። ቀትሩም አይደለም። አንቺም አይደለሽም።"

ይማም ብድግ ብሎ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የውሃ ሞተሩ ዱግ ዱግ ሲል ሰማን። ቅዳሜ ሽንኩርት አይጠጣም፣ ተራው አይደለም። ጋሽ ተፈራ ክራራቸውን አቅፈው አቀርቅረዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ይማም ገባ፣ ፊቱ ርሶ።

"ሞተሩ ረጨኝ" አለ። ኸዚያ ሐዋን "ያኛው ልብስሽ አልደረቀም፣ ፀሐይ ላይ አውጪው። ነገ በጠዋት ደሴ ድረስ እኔው አደርስሻለሁ" አላት። ወደ በሩ ዞሮ ደግሞ፣ እንደ ማፈር እያለ፣ "ርቅያ ያን በሽታ ኸሆነ የነበራት፣ የሚጠግን ነገር ታገኙለታላችሁ?" አለ።

"እስካሁን የለም" አለች። "የሚፈልግ ሰው ግን አለ።"

"እንግዲህ ፈልጊ" አለ።

እሁድ ጠዋት ሄዱ። እኔ ያን ቀን ሐይቁ ዳር ወረድኩ፣ በቀትር፣ ሰው እያየኝ። ስንት ዓመት በቀትር ያልረገጥኩት ውሃ ነው። እግሬን ነከርኩ፤ ውሃው ሞቅ ያለ ነበር። የተሸበሸበ እጄን አየሁትና እነዚያን ዘይኔዎች አሰብኳቸው። ይሄን ሁሉ ዘመን ጆሮዬ ጥርስ እንዳያበቅል፣ ምላሴ ጥፍር እንዳያወጣ አንቱ ዝም በሉ፣ አንቺ ዝም በይ እያሉ ሲጠብቁኝ ኖረዋል፤ በመሀሉ የሰበርኩትን ሲጠግኑ ሮጠዋል። ቢደክማቸው ይፈረድባቸዋል? በፊት ሽበቴን በሒና ነበር የምደብቀው። አሁንም እቀባለሁ፤ እንዳታሙኝ፣ ስለሚያምርብኝ ነው። እርጅናን ግን መሳደብ ትቻለሁ። የደከመ ሠራተኛ አይሰደብም።

እናንተ ይሄን የምታነቡ ሰዎች፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ጅን ይዟታል የሚባል ልጅ ካለች ዱዓችሁን አድርጉ፣ ጠበሉም ለሚያምን አይቅር። ሐኪም ግን ይያት። ደግሞ እናቷን ተዉአት። እናት ላይ የተነገረ ነገር በውሃ አይለቅም፤ እኔ ስንት ዓመት ታጠብኩት።

ሐዋ አሁንም እየመጣች ትሄዳለች። ሴሎቿ አልሞቱም፣ ጓደኛዋ አብልታላታለች። ፋጤ እስካሁን ውሃ ይዛ መምጣቷን አልተወችም፤ እኔው እጠጣባታለሁ።

ድሮ ሰው "ስንት ወለድሽ?" ሲለኝ ይማምን ብቻ ነበር የምጠራው። አሁን ርቅያና ይማም እላለሁ፣ በወለድኳቸው ተራ።